አባዬ ያጸዳው ስልክ

ሐሙስ፣ ጥር 15 ቀን 2017፣ ልደታ

ዛሬ ከሥራ ስገባ አባዬ ደስ ብሎት ጠበቀኝ። ስልኩ ላይ «ቫይረስ ገብቷል፣ አሁኑኑ ያጽዱ» የሚል ቀይ ነገር ብቅ ብሎበት፣ የባንክ ካርዱን ቁጥርና የሚስጥር ቁጥሩን ሲሞላለት ጠፋለት። «አንቺን ሳላስቸግር ራሴ ተወጣሁት» አለኝ። ጡረታ ከወጣ ወዲህ እንዲህ ሲኮራ አላየሁትም።

ወዲያው ባንክ ደውዬ ከአባዬ ጋር አገናኘኋቸውና ካርዱን አዘጋን። ከዚያ የሌባ ወጥመድ መሆኑን ነገርኩት። «የአስናቀችንም ስልክ እኮ ትናንት አጽድቼላታለሁ» አለ።

እትዬ አስናቀች ከእኛ በታች ያለው ፎቅ ላይ ነው የሚኖሩት። ዓይናቸው ስለደከመ የካርዳቸውን ቁጥር ያነበበውም የሞላውም እሱ ነው። ልጆቻቸው ለዓይናቸው ሕክምና ያዋጡት ገንዘብ በሙሉ ያለው እዚያ ሒሳብ ውስጥ ነው።

ስደውል ስልካቸው ዝግ ነው። ወርጄ ባንኳኳም የሉም፤ ተክለ ሃይማኖት ዘመድ ሊጠይቁ ሄደዋል አሉኝ። የማን ቤት እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ባንኩ ደግሞ የካርዱ ባለቤት ራሳቸው ካልደወሉ አንዘጋም አለኝ። ለመንኳቸው። አለቀስኩም። እምቢ አሉ።

አባዬ ወንበር አውጥቶ ደረጃው ላይ ተቀምጧል። ብርድ ነው ግባ ስለው፣ «እኔው ነኝ የምነግራት» አለኝ። ምን ብሎ እንደሚጀምር እንጃ።

ጠረጴዛው ላይ በፌስታል ብርቱካን አለ። ስልኬን ስላዳንክልኝ ብለው ጠዋት ያመጡለት እሳቸው ናቸው።