እግር ያስፈለገው ቁም ሣጥን

ሮሮስ፣ እሑድ ፌብሩዋሪ 11 ቀን 2018

የኔ ቱሪድ፣

ብሪስቤን ውስጥ ሰዉ ሁሉ ከሙቀት ወደ ጥላ እንደሚሸሽ በስልክ ነግረሽኛል። እዚህ ዛሬ ከዜሮ በታች ሠላሳ ሁለት ነው፤ እኔ ግን በባዶ እግሬ ቁጭ ብዬ እጽፍልሻለሁ። ብደውልልሽ ይቀለኝ ነበር። ግን በስልክ አንቺ ቶሎ ትጠይቂያለሽ፣ እኔ ቶሎ እደናገራለሁ። በወረቀት ከሆነ የጀመርኩትን እጨርሳለሁ።

ጤናዬ ደህና ነው። ጉልበቴም የእርሻውን ቤት ለቅቄ እዚህ ከገባሁ ወዲህ ተሽሎታል፤ መሐል ላይ አንድ ጊዜ አስቸግሮኝ ነበር፣ እሱንም እነግርሻለሁ።

ይህ ቤት ወለሉ ሥር የኤሌክትሪክ ሽቦ ተዘርግቶበታል። ግድግዳው ላይ ያለችውን ቁልፍ ሳዞራት ወለሉ ድመት ተኝታበት እንደተነሣች ወንበር ይሞቃል። እቃ ያመጡት ሰዎች የአባትሽን ቁም ሣጥን ሳሎኑ ግድግዳ ላይ አስጠግተው አቆሙት። ለስድስት ነው የተሸከሙት፤ አንዱ ውስጡ ድንጋይ አለ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ከአባትሽ ቀብር በኋላ ስትሄጂ «እማዬ፣ አባዬ በእጁ የሠራውን ማንም እንዳይነካው» ያልሽኝን አልረሳሁም። ሌላውን ሁሉ ሰጥቼ እሱን ይዤ የመጣሁት ለዚያ ነው።

ኖቬምበር ላይ የቁም ሣጥኑ በር አልዘጋ አለኝ። መጀመሪያ ተቆጣሁት፣ ከዚያ በዳሌዬ ገፋሁት። ቤቱም የሞቀ እንጨት ይሸት ጀመር፤ እኔ ሞኟ ደስ ብሎኝ አሸተዋለሁ። አንድ ቀን ጠዋት በሩን ስደበድብ የውጭው በር ተንኳኳ። ከላዬ ያለው ፎቅ ላይ የሚኖሩት አቶ አርንፊን ነበሩ። አርባ ዓመት ባሕር ዳርቻ ጀልባ ሲጠግኑ የኖሩ፣ ሚስታቸው የሞተችባቸው ሰው ናቸው። እስከዚያ ቀን ደረጃ ላይ ሰላም ከመባባል አላለፍንም።

«ወይዘሮ ቦርግሂልድ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ የሚደበድቡት ሰው ነው ወይስ በር?» አሉኝ።

በሩን አሳየኋቸው። ተንበርክከው የቁም ሣጥኑን ሥር በጣታቸው ዳሰሱ፤ ጣት የሚያስገባ ክፍተት የለውም። ከዚያ ጉንጫቸውን ወለሉ ላይ አስጠግተው ትንሽ ቆዩና «ቁም ሣጥንዎ ከሥሩ እየተጠበሰ ነው» አሉ። ሙቀቱ ከታች ይመጣል፣ መውጫ ያጣል፣ እዚያው ይጠራቀማል፤ እንጨቱ ደርቆ ይጣመማል። የባሰው ደግሞ ሽቦው ራሱ ከልክ በላይ ግሎ ሊቃጠል ይችላል፤ ያኔ ወለሉን መፈልፈል ነው። ሙቀቱን አጥፍቼ፣ ሣጥኑን አንሥቼ፣ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ እንድጠራ መከሩኝ።

ተናደድኩ። ይህ ባሌ የሠራው ነው፣ ከቆመበት አይነቃነቅም፣ ወለሉ ከፈለገ ይቀዝቅዝ ብዬ ሸኘኋቸው። ሙቀቱን አጠፋሁት። ዐሥራ አንድ ቀን ሁለት የሱፍ ካልሲ ደራርቤ፣ የአባትሽን ካፖርት ለብሼ ተቀመጥኩ። በዐሥራ ሁለተኛው ቀን ጉልበቴ ተቆልፎብኝ እስከ እኩለ ቀን ከአልጋ መውረድ አቃተኝ። ከታች ኮቴ አልሰማ ሲላቸው አቶ አርንፊን መጥተው አንኳኩ፤ እየተንፏቀቅሁ ሄጄ ከፈትኩላቸው። ካልሲዬን አዩ፣ ካፖርቱን አዩ። ምድጃው ላይ ውኃ ጣዱ። ስለዚህ ነገር ያን ጊዜ ያልነገርኩሽ አውሮፕላን ትሳፈሪያለሽ ብዬ ፈርቼ ነው።

በማግስቱ የኤሌክትሪክ ሠራተኛዋ መጣች፤ በዕድሜ የልጅ ልጄን የምታህል ልጅ ናት። ለካች፣ ነካካች፣ ሽቦው እንደተረፈ ነገረችኝ። «ወለሉ ላይ የሚቆም ነገር ሁሉ እግር ይኑረው» አለችኝ፤ «እጅዎ ከሥሩ ከገባ ሙቀቱም ይወጣል።» ፍራሽ መሬት ላይ አይጣሉ፣ ወፍራም ምንጣፍ አያንጥፉ ብላ፣ ቁም ሣጥኑን አየችና ወይ እግር ይግባለት ወይ ይሂድ ብላ ወጣች።

አቶ አርንፊን እግሩን እሠራለሁ አሉ። የአባትሽን ሥራ ማንም አይነካም አልኩ። አልተከራከሩኝም፤ እንጨቱ ምን እንደሆነ ለማወቅ ሥሩን ብቻ ልየው አሉኝ። ልብሱን አወጣን፤ ጎረቤት ተጠርቶ ሣጥኑ በጀርባው ተጋደመ። በባትሪ ሲያዩ ቆዩና ጠሩኝ። በአራቱም ማዕዘን በመጋዝ የተቆረጠ ጉቶ አለ።

«ይህ ቁም ሣጥን እኮ እግር ነበረው» አሉኝ።

ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩና ሳቅሁ፤ እየሳቅሁ እንባዬ ወረደ። ሁሉ ነገር ትዝ አለኝ። ይህን አባትሽ ስለሚያፍርበት ተነግሮሽ አያውቅም። ገና ዓመት ተመንፈቅሽ ነበር። ድመቷን ተከትለሽ ቁም ሣጥኑ ሥር ገባሽ። ድመቷ በወዲያ በኩል ወጣች፣ አንቺ አልወጣሽም። አንድ ሰዓት ሙሉ ፈለግንሽ። ጋጣውን፣ ጉድጓዱን፣ የሣሩን ክምር አየን፤ አባትሽ ያለ ጫማ ወንዝ ዳር ድረስ ሮጠ። አንቺ ለካ እዚያው ሥር አውራ ጣትሽን ጎርሰሽ ተኝተሻል። ሲያገኝሽ አቀፈሽ። በማግስቱ መጋዝ አምጥቶ አራቱንም እግር ቆረጣቸው። የሰርጋችን ጊዜ የሠራው ነው፤ እግሮቹን ለመቅረጽ አንድ ክረምት ፈጅቶበት ነበር።

እንግዲህ የአባትሽን ሥራ መጀመሪያ የነካው አባትሽ ራሱ ነው። የነካውም ለአንቺ ብሎ ነው። አሁን ከሥሩ የሚገባ ሕፃን የለም ብዬ ፈቀድኩ።

እግሩ ዘጠኝ ቀን ፈጀ። ምድር ቤት ውስጥ በርች እንጨት ይልጋሉ፣ ምሳ ሰዓት ላይ የደረሱበትን ሊነግሩኝ ይመጣሉ። የመጀመሪያ ቀን የዓሣ ሾርባ ሰጠኋቸው፣ ቆመው ጠጡ። በሁለተኛው ቀን ተቀመጡ። በአራተኛው ቀን ገና በሩ ሳይንኳኳ ሁለት ሳህን አቅርቤ ተገኘሁ። እግሩ ገብቶ ሣጥኑ ሲቆም በሩ በአንድ ጣት ተዘጋ። አርንፊን ወደ ኋላ ፈቀቅ ብሎ አየውና «ባልሽ ከእኔ የተሻለ አናጺ ነበር» አለኝ።

አሁን መልሼ ሳነበው «አለኝ» ብዬ ጽፌአለሁ። የጻፍኩት በእስክሪብቶ ስለሆነ አልሰርዘውም።

ከዚያ ወዲህ ቤቴ ውስጥ ያለ እግር የቀረ ነገር የለም። ወፍራሙን ምንጣፍ ለቤተ ክርስቲያኑ ሰጠሁ። እስከ መሬት የሚንዘረፈፈውን የሶፋዬን ልብስ ቆረጥኩት፤ ጉልበቷ የተራቆተ አሮጊት መሰለ እያለ ያሾፍብኛል። የሱም ወንበር ወደዚህ ወርዷል። እሱ ቤት ወለሉ የሚሞቀው መታጠቢያ ቤቱ ብቻ ስለሆነ፣ ሰውዬው መታጠቢያ ቤት ተቀምጦ ጋዜጣ ከሚያነብ ብዬ ነው።

ባለፈው ማክሰኞ ጁን ላይ እንደምትመጪ ነገርኩት። ደስ አለው፣ ቀኑን ጠየቀኝ። ከዚያ «ማነው ብለሽ ነው የምታስተዋውቂኝ?» አለኝ። እኔም ሳላስብ «ፎቅ ላይ የሚኖር ጎረቤቴ ነው እላታለኋ» አልኩት።

«እውነት ነው፣ ፎቅ ላይ ነው የምኖረው» አለ። ጋዜጣውን አጠፈ፤ ሾርባውን ሳይጨርስ ወጣ። በማግስቱ እንደ ወትሮው መጣ፣ ነገሩን አላነሣውም፤ ሾርባውን ግን ዳር ዳሩን እየቀመሰ ተወው። እንዲህ ሦስት ቀን ሆነን። ደብዳቤ ልጻፍልሽ ብዬ የተነሣሁት ያኔ ነው።

አባትሽን አንድም ቀን ሳላስበው አልዋልኩም፤ ይህን ታውቂልኛለሽ። ሌላውን ምን ብዬ እንደምጽፈው አላውቅበትም። ፎቶ ልኬልሻለሁ፤ ቁም ሣጥኑን እዪው።

ያ ፀሐይ አይክፋብሽ፣ ሥራሽ ይቅናልሽ፣ መንገድሽን የሚጠብቅ ጌታ በሰላም ያምጣሽ። ስትመጪ በሩን የምንከፍትልሽ ሁለት ሆነን ነው። ጎረቤቴ እንደማልለው ትናንት ነግሬዋለሁ። ሁለት ሳህን ሾርባ ጠጣ።

ሁልጊዜ የምትናፍቅሽ
እናትሽ ቦርግሂልድ