መንታዬ የጣለችው ልክ

ለምወድሽ እናቴ፣

እንደምን ከርመሻል እማዬ? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? ደረጃ መውጣት አሁንም ያስቸግርሻል? መነጽርሽን ቀየርሽ ወይስ ዛሬም ክሩን መርፌው ውስጥ የሚያስገባልሽ አባዬ ነው? እሱስ ያ ሳል ለቀቀው? ወንድሜስ በጊዜ ይገባል ወይስ አሁንም እራቱን ከድኖ መጠበቅ ነው? እኔ ጤናዬ ደህና ነው፤ እበላለሁ፣ እሠራለሁ። ልቤ ግን ደህና አይደለም። ካንቺ ደብቄ ደግሞ የትም አልደርስም።

ባለፈው አባዬ ልጄ ሰማይ ላይ ማንም ያላየውን አገኘች እያለ ባለ ሱቁን ሳይቀር አቁሞ እንዳስረዳ ስትነግሪኝ ሆዴን ይዤ ነበር የሳቅሁት። ያ ወሬ ውሸት ሆነ እማዬ። ያልደወልኩልሽም ለዚህ ነው፤ ድምፅሽን ከሰማሁ አልቅሼ ነገሩን አልጨርሰውም።

ከሥሩ ልንገርሽ። እኛ የምናጠናው እጅግ ሩቅ ያሉ ሁለት የጋላክሲ ስብስቦችን ነው፤ በየአንዳንዱ ውስጥ በመቶ የሚቆጠሩ ጋላክሲዎች አሉ፣ ሁለቱም ተጋጭተዋል። ግጭት ስልሽ የመኪና አይምሰልሽ። ሁለት ትምህርት ቤት በአንድ ሰዓት ተለቆ ልጆቹ ጠባብ መንገድ ላይ ሲተላለፉ አስቢ፤ ልጆቹ እየተሹለከለኩ ያልፋሉ፣ አቧራው መሀል ይቀራል። ጋላክሲዎቹም እንደዚያ ይተላለፋሉ፤ ተላትሞ መሀል የሚቀረው በመካከላቸው ያለው ትኩስ ጋዝ ነው። ከሁሉ የሚከብደው ግን በዓይን የማይታይ ነገር ነው። ከኋላው ያሉትን ጋላክሲዎች መልክ ስለሚያጣምም፣ መጣመሙን ለክተን እዚህ ጋ ነው ያለው እንላለን።

ሰው ሁሉ ይህ የማይታየው ነገር ከጋላክሲዎቹ ጋር አብሮ ያልፋል ይላል። እኔ ስለካው ወደ ኋላ ቀርቶ አገኘሁት። እውነት ቢሆን ኖሮ የብዙ ሰው ትምህርት ይቀየር ነበር።

በእኛ ክፍል ደንብ አለ። ሁለት ሰው ለየብቻው ይለካል፤ እስኪጨርሱ አንዱ የሌላውን አያይም፣ አይጠይቅም። ከዚያ ኃላፊያችን ፊት አብረን እንከፍታለን። ለእኔ አዲስ ነገር አልነበረም፤ አንቺ ውድ ጨርቅ ልትቆርጪ ስትዪ የራስሽን ልክ ደብቀሽ "እስቲ አንቺም ለኪው" ትዪኝ አልነበር? ከእኔ ጋር የለካችው ያቺ አንቺ "መንታሽ እንዴት ናት" እያልሽ የምትጠይቂኝ፣ ቤትም ሥራም አንድ ላይ የሆንነው ጓደኛዬ ናት። ስንከፍተው የእሷና የእኔ ልክ ግጥም አለ። ኃላፊያችን፣ ጥርሱን ዓይቼ የማላውቀው ሽማግሌ፣ ከወንበሩ ተነስቶ ጨበጠን። እኔ እሷ አንገት ላይ ተጠምጥሜ አለቀስኩ።

ባለፈው ሳምንት ለስብሰባ ስሰናዳ ስህተቴን አገኘሁት። ከኋላ ናቸው ብዬ የቆጠርኳቸው ጋላክሲዎች ለካ ከፊት ኖረዋል፤ ከፊት ያለ ደግሞ መልኩ አይጣመምም። እነሱን አውጥቼ ብለካ፣ ያ የማይታየው ነገር ከስብስቦቹ ጋላክሲዎች ጋር ቁጭ ብሏል። ደነገጥኩ፤ ሆኖም ሰው አይደለሁ እንዴ ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ሻይ ላፈላ ስነሳ ነው አንድ ሐሳብ ቀጥ አድርጎ ያቆመኝ። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ታዲያ የእኔ ስህተት መንታዬ ጋ በምን እግሩ ደረሰ?

ወጥ ቤት ድንች ስትልጥ አገኘኋትና ጠየቅኋት። ቢላዋውን አስቀመጠች። አንድ ቀን ኮምፒውተሬን ክፍት ትቼ ስልክ ላናግር ስወጣ ልኬን አይታዋለች። የደወልሽው አንቺ ነበርሽ እማዬ። የራሷ ከእኔ ጋር አልገጥም ሲላት እየነካካች አስገጠመችው። "እንዳይከፋሽ ብዬ ነው። ደግሞ አንቺ ትሳሳቻለሽ ብዬ መቼ አስቤ!" አለችኝ። ሁለታችንም ተሳሳትን ብለን እንገላገል ብላ ለመነችኝ። እኔ ትቻት ክፍሌ ገባሁ።

በነጋታው ኃላፊያችን ጋ አብረን ገባን። ስህተቴን ነገርኩት። አዳመጠኝና ወደ እሷ ዞሮ፣ አንቺስ እንዴት እዚያው ላይ ደረስሽ ብሎ ጠየቃት። እሷም እኔን እያየች፣ እኔም ተሳስቼ ነው አለችው። የሰውየው ፊት ጠቆረ። ሁለት ሰው ለየብቻው አንድ ዓይነት ስህተት ከሠራ ጥፋቱ የአለካኩ ነው፣ ዕድሜዬን ሙሉ የሠራሁትም ሁሉ አብሮ ገደል ገባ አለ። አለካኩን ያወጣው እሱ ነዋ! አላስቻለኝም።

"አልተሳሳተችም። ከእኔ ኮርጃ ነው" አልኩት።

ከሥራ አሰናበቷት። ፍራሿን ጠቅልላ ስትወጣ በር እንኳ አልያዝኩላትም። ሰዎች ለአንቺ ብላ አይደል ይሉኛል፤ እንዲህ ሲሉኝ ይብስ ያንገበግበኛል። እኔኮ ብሳሳት እሷ ትነግረኛለች ብዬ ነበር ተረጋግቼ የምሠራው። ለካ ብቻዬን ነበርኩ።

ትናንት ደግሞ ኃላፊያችን ጠርቶኝ፣ የእኔን ከማየቷ በፊት የለካችውን ከኮምፒውተሯ አግኝቶ አሳየኝ። ልክ ነበር እማዬ። አንድም ጋላክሲ አልሳተችም። እጇ ላይ የነበረውን እውነት ጥላ የእኔን ስህተት አነሳች። ክህደት ልበለው ፍቅር ጨንቆኛል፤ እኔን ግን እንደ ክህደት ነው ያመመኝ።

አባዬን ጉልበቱን ሳሚልኝ፤ ለባለ ሱቁ እውነቱን ይንገረው፣ ካፈረም ዝም ይበል። ወንድሜን በጊዜ ግባ በይልኝ። አክስቴን ስለ ሹራቡ አመስግኚልኝ፣ እጅጌው ብቻ ትንሽ ረዘመ። መንታዬ ስልክሽን ታውቀዋለች፤ ከደወለች አትዝጊባት፤ ያለችሽን ግን ለጊዜው አትንገሪኝ።

ደብዳቤዬ ሲያልቅ ከግርጌው እሷ በራሷ እጅ ሰላምታዋን እንደምትጽፍልሽ ታውቂያለሽ። ዛሬም ሳላስበው ቦታዋን ትቼላታለሁ።

ልጅሽ



ከክፍሌ፣ ከመስኮቱ ሥር
ጥቅምት 9 ቀን