ለእንግዳ ጠያቂ የሰጠኸው መልስ

ለምወድህ ወንድሜ ለኤፍሬም ተረፈ፤

እንደምን ሰንብተሃል? ጤናህ እንዴት ነው? እንቅልፍህስ፣ ምግብህስ? እዚያ አገር በበጋ እንኳ ካፖርት አይወልቅም ሲሉ እሰማለሁ፤ አንተ ደግሞ ከልጅነትህ ጀምሮ ሹራብ ልበስ ሲሉህ የምትሸሽ ሰው ነህ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። እማዬም አለች። እህታችን ቅድስት ወልቂጤ ማስተማሯን ቀጥላለች፤ ክረምቱን ስልጠና ብለው ስለያዟት ሳናያት ቀረን። ሁላችንም በጤና አለን። ናፍቆትህን ግን ደህና ነው ብዬ አልዋሽህም።

ይህን ደብዳቤ የምታደርስልህ ሩቲ ናት፣ የመጋቢያችን ልጅ። ከአዲስ ዓመት በኋላ ለኮርስ ወደ ስዊድን ትሄዳለች። በድሮው አድራሻህ ካጣችህ የሐበሻ ቤተ ክርስቲያኑን ሁሉ እየዞረች እንድታፈላልግህ ቃል አስገብቻታለሁ። ኢሜይል ለምን አልላክሽም እንዳትለኝ። ከገና ወዲህ የላክኩልህ ሁሉ ጉድጓድ እንደገባ ድንጋይ ሆኗል፣ ሲወድቅ እንኳ አልተሰማኝም። እማዬ እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ «ኤፍሬም ምን አለ?» ትለኛለች። እኔም «ሰላም ብሏል» እላታለሁ።

የቤቱን ወሬ ልንገርህ። አባባ ወደ ጌታ ከሄደ፣ ቅድስትም ከተመደበች በኋላ ግቢው ለሁለት ሴቶች ሰፋብን። የኮምፒውተር ማሠልጠኛችንም እንደ ድሮው አይደለም፣ ተማሪው ሁሉ ሞባይሉ ላይ አቀርቅሮ ቀረ። ስለዚህ በመንገድ በኩል ያለውን ክፍል ለሸምሶ አከራየሁት፣ ለልብስ ሰፊው። የስልኩ መስመርና ኢንተርኔቱን የሚያከፋፍለው ዕቃ እዚያው ግድግዳው ላይ ቀሩ። ኮምፒውተሮቹን ሸጥኩ፤ አንዷን ብቻ፣ አንተ በዊንዶውስ ፋንታ ሊኑክስ የጫንክባትን፣ ወደ ጓዳ ወስጄ እማዬ አልጋ አጠገብ አስቀመጥኳት። ለሰው የፈተና ውጤት የምፈልግባት፣ ማመልከቻ የምጽፍባት እሷ ናት። ገመድ እዚያ ስለማይደርስ ከአዲስ አበባ የዋየርለስ ካርድ አስመጣሁ። ከፈትኳት፣ ሰካኋት፣ ጠበቅኳት። ካርዷን ጨርሶ አላወቀቻትም።

አብርሽ ዘንድ ወሰድኳት። አብርሽን አትረሳውም፣ ከመናኸሪያው ማዶ ኮምፒውተር የሚጠግነውን። ቀና ብሎ እንኳ ሳያያት «ፎርማት አድርገን ዊንዶውስ እንጫንባት፣ አንቺ ፈታ በይ» አለኝ። ለአብርሽ የታመመ ኮምፒውተር ሁሉ መድኃኒቱ አንድ ነው። እንቢ ብዬው ተሸክሜያት ተመለስኩ። ስትሄድ ማንም ፎርማት አድርጎ ያለባትን እንዳያጠፋው ብለኸኝ ነበር፤ ግን ለአደራህ ብቻ ብዬ አይደለም። ልብስህን ለሰው ሰጥተናል፣ አልጋህ ላይ ዕቃ ተከምሯል። አንተ እንዳደረግከው የቀረ ነገር በዚህ ቤት ከእሷ ሌላ የለም።

ከመናኸሪያው ጀርባ ካለው ኢንተርኔት ቤት ገብቼ ሳነብ ነገሩ ገባኝ። ካርዷ የምትሠራበትን ትንሽ ፋይል የሠራው ድርጅት ከሊኑክስ ጋር አብሮ እንዲታደል አልፈቀደም። ስለዚህ ከኢንተርኔት መውረድ አለበት። ኢንተርኔት ለማግኘት መጀመሪያ ኢንተርኔት ይኑርሽ ማለት ነው። ብቻዬን ሳቅኩ፤ ጎኔ የተቀመጠችው ሴትዮ ወንበሯን ፈቀቅ አደረገች።

ንባቤን ስቀጥል የሊኑክስ ሰዎች እየተጠያየቁ የሚረዳዱበት ገጽ አገኘሁ። አንድ የብራዚል ሰው የእኔኑ ዓይነት ካርድ ይዞ ተቸግሮ ጠይቋል። ከሥሩ የመለሰለት ሰው ስም «ዘቢዳር» ይላል። ኤፍሬም፣ ከደጃችን የሚታየውን ተራራ ስሙ አድርጎ ኮምፒውተር ላይ የሚጽፍ ሰው ከአንተ ሌላ አላውቅም፤ ተማሪ ሳለህም ስምህ ይኸው ነበር። መልሱ የተጻፈው በዚያው ሳምንት ነው። የጻፍከውን ሁሉ ከፍቼ አየሁት። ለሕንዱም፣ ለግብፃዊውም፣ ለፖላንዱም በየቀኑ ትመልሳለህ። የመለስከውን ደግመው ቢጠይቁህ እንኳ አትቆጣም። ብራዚላዊውን «አትቸኩል፣ እስኪሠራልህ ድረስ አብሬህ ነኝ» ብለኸዋል።

ያችን ቃል ወረቀት ላይ ገልብጬ ለእማዬ በአማርኛ አነበብኩላት። ለማን እንደተጻፈች አልነገርኳትም። «እሱ ነው፣ እንዲህ ነው የሚናገር» አለች። እኔ ወጥቼ እንሰቱ ሥር ቆሜ አለቀስኩ። በሕይወት በመኖርህ ደስ ብሎኝ ነው፤ ተናድጄም ነው። የብራዚሉን ሰው ቀናሁበት።

በማግስቱ በሐሰት ስም ተመዘገብኩ። አገሬን ኬንያ አልኩ። ያለችኝን እንግሊዝኛ አሰባስቤ ጥያቄዬን ጻፍኩ። ሰዓት ሳይሞላ መለስክልኝ። ትእዛዝ በሚጻፍበት በጥቁሩ መስኮት ይህን ጻፊ፣ የሚመጣውን ሁሉ ሳትቆርጪ ገልብጠሽ ላኪልኝ አልከኝ። ከቤት በፍላሽ እየገለበጥኩ ኢንተርኔት ቤት ተመላለስኩ። ፍላሼ በቫይረስ ተጥለቅልቆ ይመለሳል፣ ያንተ ሊኑክስ ግን ደንታም የላት። መጀመሪያ ያወረድኩት ፋይል የሌላ ካርድ ሆኖ ተገኘ። ቀጥሎ ድራይቨር የሚሉት ሌላ ፕሮግራም ቦታውን ይዞ ካርዷን አላሠራም ብሎ ነበር፤ አስወጪው አልከኝ፣ አስወጣሁት። ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ የካርዷ መብራት ብልጭ አለች። የሸምሶ ክፍል ኢንተርኔት ግድግዳውን አልፎ ጓዳችን ገባ። እልል ልል አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት። ሠራልኝ ብዬ ከነገርኩህ ነገ ከማን ጋር አወራለሁ?

ስለዚህ «ይመጣል፣ ይጠፋል» ብዬ ዋሸሁህ። አንተም ነገሩን ለማጣራት ትጠይቀኝ ጀመር። የክፍሉ ግድግዳ ምንድን ነው? ጭቃ ነው አልኩህ። ጣሪያውስ? ቆርቆሮ። ዝናብ ሲበረታ ይብሳል? ይብሳል። ከማሽኑ አጠገብ የሚቀመጥ ሰው አለ? እናቴ አለች፣ ጉልበቷን ስለሚያማት አልጋዋ ላይ ነው የምትውለው አልኩህ። ይህን ጊዜ «ከመቼ ጀምሮ? ሐኪም አይቷታል?» ብለህ ጻፍክልኝ።

ደሜ ፈላ። ስለማታውቃት የኬንያ ሴት እናት ጉልበት ትጠይቃለህ፤ የገዛ እናትህ ግን ከገና ጀምሮ በር በር ታያለች። ሳልመልስልህ ዘጋሁት። ሁለት ቀን አኮረፍኩህ፣ ማኩረፌን የሚያውቅልኝ ሰው ባይኖርም።

ትናንት ዓርብ ልሰድብህ ተዘጋጅቼ ተቀመጥኩ። ስድቤ ምክንያት እንዲኖረው የተጻጻፍነውን ከላይ ጀምሬ አነበብኩት። መጀመሪያ ቀን የላክኩልህ ላይ ስደርስ ልብ ያላልኩትን አየሁ። በጥቁሩ መስኮት ላይ ትእዛዝ የተጻፈበት መስመር ሁሉ የሚጀምረው በኮምፒውተሩ ስም ነው፤ በየመስመሩ ፊት «ሐረገወይን» ይላል። የእናታችንን ስም ያወጣህላት አንተው ነህ። እኔ ስሜን ደብቄ፣ አገሬን ደብቄ፣ መታወቂያውን ጥሎ እንደሄደ ሌባ የእማዬን ስም ደጋግሜ ልኬልሃለሁ።

ከመጀመሪያው ሰዓት ጀምሮ አውቀኸኛል። ስለ እማዬ ጉልበት የጠየቅከው ማንነቷን አውቀህ ነው። እኔ የሠራውን አልሠራም እያልኩ ሳቆይህ፣ አንተም ግድግዳውንና ጣሪያውን እየጠየቅክ ታቆየኝ ነበር። ያንን ግድግዳ ከአባባ ጋር ጭቃ አቡክተህ የመረግከው አንተ ነህ እኮ፤ ምንድን ነው ትለኛለህ? ስቄ ስቄ እማዬ ምን ሆንሽ አለችኝ።

በስሜ ያልጠራኸኝ ለምን እንደሆነ ሳስብ አደርኩ። ትምህርቱ አልሆነልህ ይሆናል። የመኖሪያ ወረቀትህ ተበላሽቶብህ ይሆናል። ምን ይዤ ነው የምደውልላቸው ብለህ አፍረህ ይሆናል። እማዬ የወለደችው አንተን እንጂ ዲግሪህን አይደለም። ለመስቀል አገሩ ሁሉ ወደየቤቱ ሊገባ ነው፤ ና አልልህም፣ እንደማይሆንልህ አውቃለሁ። ድምፅህን ብቻ አሰማን። ብቸኝነቱ ከብዶኛል ወንድሜ። ከዚህ ሳምንት ሌላ ከሰው ጋር እንዲህ የተነጋገርኩበትን ጊዜ አላስታውስም፤ ያውም በውሰት ስም ነው።

እዚያው ገጽ ላይ ኤፍሬም ብዬ ልጠራህ ነበር። ከዚያም እንዳትጠፋብኝ ፈራሁና በወረቀት ጻፍኩልህ። ሁለት ቀን ስጠፋብህ «ተፈትቶልሽ ከሆነ ጥያቄውን እንዝጋው?» ብለህ ጽፈህ ጠበቅከኝ። ለጊዜው «ይመጣል፣ ይጠፋል» ብያለሁ። ደንቡ ጥያቄውን የሚዘጋው ጠያቂው ራሱ ነው አይደል? እንግዲያው ለእማዬ ደውለህ በገዛ ስምህ እስክታወራት ድረስ አልዘጋውም።

ቅድስት በስልክ እጅግ አድርጋ ሰላም ብላሃለች። ሸምሶ «ኢንሻአላህ በሰላም እንገናኛለን በይልኝ» ብሏል። በዚያ ያሉትን፣ በክፉ ቀን የሚጠይቁህን ሰዎች ሁሉ ስማቸውን ባላውቅም ሰላም በልልኝ። ስለ ጉልበቷ መጠየቅህን ለእማዬ ነግሬያታለሁ። «ድኗል በይው» ብላኛለች። አልዳነም።

እህትህ ዘርፈሽዋል ተረፈ
ቡታጅራ፣ ጳጉሜ 2 ቀን 2005 ዓ.ም.