በሩን ለምን እንዳልከፈትኩልሽ

ውድ ልጄ፣

ትናንት ስታንኳኪ ቤት ነበርኩ። «እማዬ፣ ምን አጠፋሁ?» ስትዪ ሰምቻለሁ፤ «ሂጂ ብያለሁ!» ያልኩትም ከበሩ ጀርባ ቆሜ ነው። ስልኬን ስለማታነሺ ይህን በወንድምሽ እልካለሁ። ጎኔ አላስቀምጥ ስላለኝ የምጽፈው ቆሜ፣ የልብስ መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ነው።

እሑድ ጀርባዬን በቅባት ስታሺልኝ ሽፍታውን አይተሽ «ምን ነክሶሽ ነው?» ብለሽኝ ነበር። እኔም እንደ ልማዴ «አትመራመሪ፤ ሥራሽን ሥሪ» አልኩሽ። ሕመሙ ጎንበስ ብዬ ስሰፋ የዋልኩበት ድካም መስሎኝ ነበር። ትናንት ጠዋት ጤና ጣቢያ ሄጄ ነርሷ ገልጣ ስታየው፣ ውሃ የቋጠረው ሽፍታ ከጀርባዬ እስከ እምብርቴ፣ በግራ በኩል ብቻ፣ ወገብ እንደምለካበት ሜትር ተጋድሟል።

«እማማ፣ አልማዝ ባለጭራ ነው። እስካሁን ምን ይጠብቃሉ? ክኒኑ እኮ ሽፍታው በወጣ በሦስት ቀን ውስጥ ሲጀመር ነው ደህና የሚሠራው።»

«ዕድሜዬን ሙሉ አልማዝ ሳላደርግ ኖሬ፣ አሁን ከነጭራው መጣልኝ?» አልኳት። ሳቀች፤ እኔም ሳቅሁ።

ቀጥላ ግን «ልጅ ሆነው የያዘዎት ጉድፍ ነው ተደብቆ ኖሮ የተነሳው። ውሃው ጉድፍ ይዞት የማያውቅን ሰው ከነካ ጉድፍ ያስይዘዋል፤ ለነፍሰ ጡር ደግሞ ክፉ ነው» ስትለኝ ሳቄ ደረቀ።

ወንድምሽን ጉድፍ ሲይዘው ስድስት ዓመትሽ ነበር። ፈተና እንዳያመልጥሽ አክስትሽ ቤት አስገብቼ በሩን ዘጋሁብሽ። ያኔም «ምን አጠፋሁ?» እያልሽ አለቀስሽ። እኔ ትእዛዝ እንጂ ማብራሪያ ተሰጥቶኝ አላደግሁምና ዝም ብዬ ሄድኩ። ጉድፍ ሳይዝሽ አደግሽ፤ ከወንድምሽ ጠብቄ ለራሴ አቆየሁሽ።

ይህን እንዳነበብሽ ለሐኪምሽ ደውዪ፤ ሳትደውዪ ሄደሽ ከሌሎች ነፍሰ ጡሮች መሃል እንዳትቀመጪ። እሑድ በባዶ እጅሽ እንደነካሽኝ ንገሪያት። ደምሽን ትመርምር፤ መድኃኒት ካስፈለገም ቀኑ ሳያልፍ ነው። ትኩሳት ወይም የሚያሳክክ ሽፍታ እስኪወጣብሽ አትጠብቂ። የጉድፉን ክትባት ከወለድሽ በኋላ ጠይቂ።

እኔ ሽፍታውን ሸፍኜ፣ ፎጣዬን ለይቼ ተቀምጫለሁ። ደክሞኛል ልጄ። ከሕመሙ ይልቅ ሁልጊዜ ልክ መሆን ነው ያደከመኝ። ቅርፊቱ ደርቆ ሲረግፍ በርሽን መጥቼ የማንኳኳው እኔ ነኝ።

ምን አጠፋሁ ላልሽኝ ግን፦ ምንም። ይህን ያኔ፣ አክስትሽ በር ላይ ልመልስልሽ ይገባኝ ነበር።

እናትሽ