በበራችን ላይ የተጻፈው «ይነሳ»

ሰኞ፣ ኅዳር 12

ጉም። ከደጃችን እስከ ከድር ሱቅ እንኳን አይታይም። ቤት ውስጥ እኔና ባለቤቴ ጋልቾ፤ ደጅ ላይ እሳት ልትጭር የመጣችው ጎረቤታችን አማረች። መጀመሪያ ያየችው እሷ ናት። «አስቴር፣ ማነው በርሽን የለቀለቀው?» አለች። ወጣሁ። በነጭ ኖራ፣ በትልልቅ ፊደል፦ ይነሳ።

ጋልቾ መሠረተ ትምህርት ገብቶ የምስክር ወረቀት ተቀብሏል፤ ማንበቡን ግን እዚያው ትቶት መጣ። እኔ ከስኳር መጠቅለያ ጋዜጣ ፊደል የለቀምኩት ነኝ የቤቱ አንባቢ። «ምን ይላል?» አለኝ በጋሞኛ። ቤቱ ይፍረስ ይላል አልኩት፣ እኔም በጋሞኛ። ሌላ ምን ሊል ይችላል? አምና በገበያው ዳር ቤቶች ላይ ይኸው ቃል ተጽፎ ነበር። ዛሬ ቦታቸው ሜዳ ነው። ሰዎቹን ከጨንቻ አውጥተው ከዳገቱ ማዶ ነው ቦታ የሰጧቸው፤ ጨው ለመግዛት ግማሽ ቀን ይሄዳሉ።

እዚያ ሄደን ምን እንሠራለን? ጋልቾ ሸማኔ ነው። ድሩን ካስማ ተክሎ የሚወጥረው በዚሁ በደጃችን መተላለፊያ ነው። ፈታዮቹ ፈትሉን በእጃቸው ያመጡለታል፤ ጋቢ ፈላጊው ከገበያ ሲመለስ በእግሩ ይደርስበታል። ከዳገቱ ማዶ ማን ይመጣለታል?

ማክሰኞ

ቀበሌ ሄድኩ። ቀበሌው በቁጥቋጦ አጥር ማዶ ነው፣ ብጠራቸው ይሰሙኛል። ግን እስክደርስ ረፋድ ሆነ። የዚህ ሰፈር ጣጣው ይኼ ነው፦ ሁሉ ነገር ቅርብ ነው፣ ሰው ሁሉ ደግሞ ደጁ ላይ ነው። «እግዜር ያጽናሽ» የሚለኝ፣ «ለእኔ ያድርገው» የሚለኝ፣ ሞት የገባበት ቤት አስመሰሉብኝ። ከድር ከሱቁ ብቅ ብሎ፣ «እትዬ አስቴር፣ የጣሪያውን ቆርቆሮ ለሌላ ሰው እንዳይሰጡብኝ፤ ጎረቤት እያለ!» አለ። ቤቱ እኮ ገና ቆሟል!

ጸሐፊው ጓድ ታምሩ ለስብሰባ አርባ ምንጭ ወርዷል። ጽሕፈቱ የሱ መሆኑን ዘበኛው ነገረኝ። መቼ እንደሚመለስ? አይታወቅም። ለምን እንደተጻፈ? «የተጻፈ ተጽፏል፣ እኔን ምን ታደርጊኛለሽ?»

ማታ በሹክሹክታ ጸለይኩ። ጋልቾ እንቅልፍ የወሰደው መስሎኝ ነበር፣ አልወሰደውም።

ረቡዕ

አበደ። ሰውየው አበደ።

ከውሃ ስመለስ መዶሻ ይዞ በረንዳው ላይ ወጥቷል። «መንግሥት ከሚወስደው እኔ ልውሰደው» ይላል። ጸሐፊው እስኪመጣ ታገሥ አልኩ፣ ለመንኩ፣ ጮህኩም፤ እኔ እንኳን ጮህኩ። ያ በረንዳ ጨንቻ የጠቅላይ ግዛቱ ከተማ በነበረች ጊዜ የተሠራ ነው። የግዛቱ መቀመጫ ወደ አርባ ምንጭ ሲወርድ ሹማምንቱ ጥለውት ሄዱ፤ አማቴ ቤቱን በሽመና ገንዘብ ገዙት። የሰፈሩ ሰው ዝናብ ሲመታው የሚጠለለው እሱ ሥር ነው።

እስከ ቀትር በረንዳው ፈርሶ አለቀ። ጣውላውን አማረች ለዶሮዎቿ ቤት ወሰደች። ከድር አንዱን ምሰሶ ተሸክሞ ሄደ። ከሰዓት ዘነበ። ጭቃው እየተረጨ እስከ አልጋችን ገባ። ጋልቾ ጭቃውን ያያል። እኔ ጠረግሁ።

ሐሙስ

ጓድ ታምሩ መጣ። ካሜራ ያንጠለጠለ የአዲስ አበባ ሰው አብሮት አለ። ሰውየው ቤቱን አይቶ ወደ ታምሩ ዞረ፣ «በረንዳ አለው ያሉኝ ይህን ነው?»

ታምሩ ወደ እኔ መጣ። «ማነው ያፈረሰው?»

«ይነሳ ብለው ጽፈው የለም ወይ?» አልኩ።

«ፎቶ! ፎቶ ይነሳ ማለቴ ነው!»

«ታዲያ ፎቶ የሚለው የታለ?»

«በሩ ጠበበኝ።»

አማርኛው ሁለቱንም ይላል። በጋሞኛ ግን ፎቶና ማፍረስ አይገናኙም፤ አንዱን መምረጥ ነበረብኝ፣ መረጥኩ። ጋልቾ ነገሩ ሲገባው እኔን አየኝ። «አንቺ ነሽ ያነበብሽው።» መዶሻውን ያነሳሁት እኔ ነኝ?

ታምሩ ወደ ጎን ወስዶ እውነቱን ነገረኝ። መንገድ ሊሰፋ ታስቧል። ፎቶው ለበላይ አካል ይሄዳል፤ አሮጌና ደህና የሆነው ቤት በቅርስነት ይያዛል፣ አይነካም። የቀረው እንጃ። ሰውየው ነገ ጠዋት ጉሙ ሲገፈፍ ተመልሶ ያነሳና ይሄዳል።

ስለዚህ በረንዳውን እስከ ጠዋት መልሰን ልናቆም፣ የተወሰደውን እንጨት ልመና ወጣሁ። አማረች ራሷን ያዘች፦ «አንዷ ዶሮ ጣውላው ላይ እንቁላል ታቅፋለች፣ እንዴት ላስነሳት?»

«በኖራ ጻፊባት» አላት ጋልቾ።

እንዲያ ተናድጄም ሳቅሁ። ሳልፈልግ።

ከድር ምሰሶውን ለመደርደሪያው አሳጥሮታል። «የማይፈለግ መስሎኝ እኮ ነው፣ እትዬ» እያለ ራሱ ተሸክሞ መለሰው። መሸት ሲል መዶሻ የሌለው ድንጋይ ይዞ መጣ፤ ያው ማክሰኞ ያጽናኑኝ ሁሉ ናቸው። እያንዳንዱ ያዛል። ማንም ማንንም አይሰማም።

ዓርብ

ጉሙ ቶሎ አልተገፈፈም። ሰውየው ሰዓቱን እያየ ይንቆራጠጣል። ዶሮዋ ያለችበት ጣውላ አልመጣም፤ በክፍተቱ ላይ ጋልቾ አዲስ ጋቢ አሰጣበት። ያጠረውን ምሰሶ ድንጋይ ላይ አቆሙት፤ ይወዛወዛል። ያለ ሰው አይቆምም ተባለ። ሁሉም መታየት ስለፈለገ ከፊት ተሰለፈ። እኔ ከቤቱ ጥግ ኋላ ገብቼ ምሰሶውን ያዝኩ።

«እናት፣ እጅዎ ይታያል፣ ዝቅ ያድርጉት» አለኝ ባለ ካሜራው። ዝቅ አደረግሁ። አንዴ አነሳ፣ ደገመ። ደህና ወጣ ወይ ብዬ ጠየቅኩት። «ፊልሙ ሲታጠብ ይታያል» አለ። መቼ ይታጠባል? እሱን አልነገረኝም፤ ሄደ።

የተሰለፈው ተበተነ። ጋልቾ ምሰሶውን የሚይዝ ረጅም ምስማር ፍለጋ ወደ ከድር ሱቅ ሄደ፣ እዚያም ወሬ ያዘው፤ ድምፁ ይሰማኛል። የሚያልፈው ሁሉ እንዴት አደርሽ እያለ እጁን ይዘረጋልኛል። እኔ ምሰሶውን በሁለት እጄ እንደያዝኩ በአገጬ እመልሳለሁ።

«ጋልቾ!» አልኩ። «መጣሁ!» አለ። አልመጣም። ትከሻዬን አስደግፌ ጠበቅሁት።