ፍሬኑ ላይ ያፈሰስሁት ዘይት

ውድ ልጄ ኪዳኑ፣

የዓሣ ማጥመጃ መዘውርህን ዛሬ ፈታሁት። ከአንተ ጋር ከሐይቁ ከወጣ ጀምሮ በጆንያ ተጠቅልሎ ሱቄ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። አርባህ ካለፈ አራት ቀን ሆነ።

አሸዋውን በብሩሽ አራገፍሁ። ኩሽኔታዎቹን በቤንዚን አጥቤ ፀሐይ ላይ አደረቅሁና ለእያንዳንዳቸው አንድ ጠብታ ዘይት ብቻ ሰጠኋቸው። ጥርሶቹን በስሱ ግራሶ ቀባሁ። ፍሬኑን በደረቅ ጨርቅ ጠረግሁት፤ ዘይት አላስነካሁትም። ልክ አንተ እንደ ነገርኸኝ። አሁን ክሩ የሚጠቀለልበት ማጠንጠኛ እፍ ሲሉት ይዞራል፣ ሲይዙት ይቆማል። ምን ይሠራል?

ያን ጊዜ ከሐይቁ ዳር ከዝቋላ አምጥተህ ጠረጴዛዬ ላይ ስታስቀምጠው፣ አንተንና የጀልባ ጓደኛህን ማጥመድ ያስተማራችሁ ሰው ያላችሁን አንድ በአንድ ነገርኸኝ። ውስጡ እንደ ፍሬን ሸራ ያሉ ትንንሽ ቁራጮች አሉ፤ መንጠቆው ሲወረወር ማጠንጠኛው ከክሩ ቀድሞ እንዳይሮጥ እየተፋተጉ ይይዙታል፤ ስለዚህ መድረቅ አለባቸው አልኸኝ። ሳቅሁብህ።

«ፍሬን ያለው መኪና ላይ ነው» አልሁህ። «ይህ የክር መጠቅለያ ነው። ዘይት ያጣ ብረት ይበላል። የሰቆጣን የስፌት መኪና አርባ ዓመት የጠገንሁ እኔ ነኝ።»

«እሺ አባየ» አልህ። እኔም ፍሬኑን ሳይቀር ዘይት እስኪንጠባጠብ ድረስ አጠጣሁት።

ታውቀኛለህ። ፊደሉንም ሙያውንም ያለ አስተማሪ የያዝሁ ሰው ነኝ። ማንም ያላስተማረው ሰው ደግሞ ማንም እንዲያርመው አይወድም። ሁለት ሳምንት ቆይተህ ስትመለስ፣ በወረወርህ ቁጥር ክሩ እንደሚተበተብ ነገርኸኝ። አውራ ጣትህን ወቀስሁ፤ ሰነፍ ጣት አልሁት። ጭራሽ ዘይት ጨመርሁበት።

የቀረውን ከጀልባ ጓደኛህ ከደሞዝ ነው የሰማሁት። ወረወርህ፤ ማጠንጠኛው ከክሩ ቀደመና ክሩ እንደ ወፍ ጎጆ ሆነ። መንጠቆው ግድብ ተሠርቶ ሐይቁ ሲሞላ ከዋጣቸው ዛፎች በአንዱ ተያዘ። ስትጎትት ዘንጉም መዘውሩም ከእጅህ አመለጠ። ደሞዝ ተወው፣ ነገ እናወጣዋለን ቢልህ፣ «ይህን ጥዬ አባየ ፊት አልቆምም» ብለህ ውኃው ውስጥ ገባህ። ቅርንጫፎቹ ያዙህ። ደሞዝ ሦስት ጊዜ ጠልቆ ፈለገህ።

በቀብርህ ማግስት የመዘውሩን የጎን ክዳን ከፈትሁ። ፍሬኑ ላይ ዘይቴ ነበር። መልሼ ዘጋሁት። ያየኝ ሰው የለም።

የሚስትህ ወንድም ካሤ ግን ጥፋቱን በደሞዝ ላይ አደረገው። ጓደኛውን ውኃ አስገብቶ እሱ ጀልባ ላይ ተቀመጠ እያለ አስወራ። ሰው ሰላምታ ነፈገው፤ አብሮት ጀልባ የሚወጣ ጠፋ። ይህን ሁሉ እየሰማሁ ዝም አልሁ። አርባ ቀን ሙሉ ዝም አልሁ።

በአርባህ ዕለት ደሞዝ መጥቶ ከድንኳኑ ጥግ ተቀመጠ። ካሤ ተነሥቶ፣ ይህ ሰው እያለ እህል አልቀምስም አለ። ደሞዝ ነጠላውን ሰብስቦ ሊወጣ ተነሣ። ያን ጊዜ ተነሣሁ።

«ተቀመጥ ደሞዝ» አልሁ። «ፍሬኑን ዘይት ያጠጣሁ እኔ ነኝ። ልጄን የገደልሁ እኔ ነኝ።»

መሪጌታ አሥራተ ማርያም ክንዴን ይዘው፣ «ሐዘን ነው የሚያናግረው፤ አስቀምጡት» አሉ። ካሤም በጠብታ ዘይት ሰው አይሞትም አለ። ዕድሜዬን ሙሉ ያልሁት ሁሉ ሲታመንልኝ ኖሮ፣ ያን ዕለት ጥፋቴን ብናገር የሚያምነኝ አጣሁ።

ሚስትህ ጥሩሐረግ ከሴቶቹ መካከል ተነሣች።

«እውነታቸውን ነው» አለች። «ኪዳኑ ነግሮኝ ነበር። ታዲያ ዘይቱን ጥረገው ስለው፣ አባየ ከፍተው ያዩታል፣ ይከፋቸዋል አለኝ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «ከእርስዎ አፍ እስኪወጣ ነበር የጠበቅሁ።»

ደሞዝ ተቀመጠ። ካሤ ራሱ እንጀራ ቆርሶ አጎረሰው። እኔን ግን ማንም ክፉ አልተናገረኝም፤ ቢናገሩኝ ይሻለኝ ነበር። በማግስቱ ጥሩሐረግ ልጅህን አዝላ ወደ ቤተሰቦቿ ወደ አምደወርቅ ሄደች። ደጃፍ ቆሜ ሸኘኋት። ቆዪ አላልኋትም። ምን ብዬ?

ኪዳኑ፣ አንተ ታውቅ ነበር። ጨርቅ አንሥተህ አንድ ጊዜ ብትጠርገው ዛሬ ትኖር ነበር። ዘይት መጥረግ እስኪያስፈራህ ድረስ ያሳደግሁህ እኔ ነኝ። ያንንም ጨዋ ልጅ አለኝ እያልሁ ስመካበት ኖርሁ።

አጥፍቻለሁ ልጄ። በሕይወት ሳለህ ይህን ቃል ከእኔ ሰምተህ አታውቅም። አሁንም አትሰማውም።

አባትህ ምንዋጋው
ሰቆጣ