ያልተቆረጠው ክር

እሑድ፣ መጋቢት 12 ቀን

ይድረስ ለማይመጣው ወንድሜ፣

ሰላምታው ትንሽ ይቆየኝ። በስልክ ደህና ነኝ ትለናለህ፣ እኛም ደህና ነን እንልሃለን። ዛሬ ግን እናትህ ልቤን ስላወለቀችው የምጮህበት ሰው ፈልጌ ነው ብዕር ያነሳሁት። «እናትህ» የምልህ በዚህ ሳምንት «እናቴ» ለማለት ስለከበደኝ ነው።

በሰፈራችን የኪነ ጥበብ ማዕከል ዐውደ ርዕይ ሊከፈት ነው። ሰዎች ከጨርቅም፣ ከእንጨትም፣ ከብረትም፣ ካገኙት ነገር ሁሉ ቀላቅለው የሠሩትን ያቀርባሉ፤ ዳኞች አይተው ያሳለፉት ይሰቀላል። እማዬ ይህን ከሰማች ጀምሮ እንቅልፍ አጣች። ዕድሜ ልኳን የሰው ልብስ ስትሰፋ ኖራ ስሟ የተጻፈበት ሥራ አንድም ቀን ግድግዳ ላይ አልወጣም። «አንድ ጊዜ እንኳ ይሰቀልልኝ» አለችኝ። አንጀቴን በላችውና እሺ አልኩ። ምነው ምላሴን በቆረጠው!

የሠራችው ላንተ ካፖርት ነው። ይለበሳል፤ ለባሹ ግን ሰው የማያፍር መሆን አለበት። ትከሻውን ለማቆም የጃንጥላዬን ሽቦ ነቀለች። ገበሩ የመታጠቢያ ቤታችን መጋረጃ ነው። ደረቱ ላይ ያሮጌው ሬዲዮህ የድምፅ ማውጫ ወንፊት ተሰፍቷል፤ ኪሱ ደግሞ እስካለፈው ወር ድረስ የእኔ ቦርሳ ነበር። ሳሎኑ መሐል ቆሞ ሲገላምጠኝ ከረመ።

ዳኞቹ ግን ወደዱት! በተለይ አዝራሮቹን። ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ አንዱ ካንዱ የማይገናኝ ነው። «ድፍረት አለው» ብለው ጻፉላት። እኔ ሳነብላት እማዬ ግራ ገብቷት «ድፍረት?» አለች። ደስታ ነው ብዬ አለፍኩት።

ብዙም ሳይቆይ አስተባባሪዋ ደወለች። ግራ እጅጌው ላይ መርፌ ከነክሩ ተንጠልጥሏል፣ ልጆች ስለሚገቡ ይውጣልን አለች። የእማዬን አመል ታውቀዋለህ፤ ልብሱ ባለቤቱ ላይ ሳይለካ የመጨረሻውን ክር አትቆርጥም። ተያይዘን ሄድን።

«ሳይለካ አይቆረጥም፣ የኔ ልጅ» አለቻት።

«ባለቤቱ ማነው ታዲያ?»

«ልጄ ነው።»

«ይምጣና ይለካዋ!»

«ይመጣል» አለች እማዬ። እኔ ጣሪያ ጣሪያውን አየሁ።

አስተባባሪዋ ክፉ ሰው አይደለችም። «እሺ፣ ክሩ አይቆረጥ። መርፌውን ብቻ እናውጣው፤ ልጅዎ ሲመጣ እርስዎ ክሩን መልሰው ያስገቡበታል» አለቻት። ከዚህ በላይ ምን ትበል? እማዬ ግን ግግም አለች። «አይሆንም። ሥራዬን ስጡኝ።» ስትመኘው የኖረችውን ነገር እኮ ነው በአንድ መርፌ የጣለችው! ካፖርቱን አቅፈን በታክሲ ተመለስን። የጃንጥላው ሽቦ የሾፌሩን ማጅራት በወጋው ቁጥር ይቅርታ የምጠይቀው እኔ ነኝ።

ቤት ስንገባ ፈነዳሁ። «ክር መርፌ ውስጥ ማስገባት ምን ሆነና ነው? ስንት ዓመት የኖርሽበት ሥራ!» ብዬ ጮህኩባት። ቁጭ ብላ ካፖርቱን ጭኗ ላይ አስተካከለች።

«ይቺን ለማስገባት ከጠዋት እስከ ምሳ ታግያለሁ» አለች ቀስ ብላ። «ከዚያ ወዲህ ሞክሬ አልሆነልኝም። ካወጧት አልመልሳትም።»

«እኔ አስገባልሽ የለ?»

«አንቺ ካስገባሽው ምኑን እኔ ሠራሁት?»

ያን ጊዜ ስለ አዝራሮቹ ጠየቅኋት። ሁሉም ጥቁር ናቸው ብላ ነው የተከለቻቸው።

አፈርኩ፣ አለቀስኩም። ሐኪም ዘንድ ሄደናል፤ ያለውን እሷው ትንገርህ።

ንዴቴ ግን አልበረደም፤ ወዳንተ ዞረ እንጂ። ዓመት በመጣ ቁጥር «ሥራ በዛብኝ፣ ለከርሞ» ትላለህ፤ እሷም ታምንሃለች፤ ጨጓራው የሚላጠው የእኔ ነው። አስተባባሪዋ ቦታውን እስከ ወሩ መጨረሻ ባዶ ትታላታለች። መጥተህ ክንድህን እጅጌው ውስጥ ብትከት እሷ ያቺን ስፌት ጨርሳ ክሩን በጥርሷ ትቆርጠዋለች፣ ካፖርቱም ይሰቀላል። ልክህን በስልክ ልንገራት እንዳትለኝ፤ ትከሻህን በእጇ ካልነካች አይሆንላትም። ያንተ «ለከርሞ» ደግሞ ለእሷ አይደርስም።

እማዬ «ጤናውን ይስጠው፣ እጁ የነካውን ሁሉ ይባርክለት» ብላሃለች። እኔ ልብ ይስጥህ እላለሁ።

ተቆጥታም የምትወድህ፣
ታናሽ እህትህ

አንድ ነገር እንዳልጽፍልህ አስምላኛለች፤ ስሙን ጠርቼ አልጻፍኩም። አንተ ግን ስትመጣ ላስደንቃት ብለህ በሩ ላይ ዝም ብለህ እንዳትቆም። «እማ፣ እኔ ነኝ» በላት።